የጋሻ ሠሪው ደብተር

እትዬ ፀጥታ ስሟ አይደለም። ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነው። በሙዚየሙ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው የንባብ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ «እስቲ ፀጥታ!» ስትል ኖረችና ቃሉ እሷው ላይ ተለጥፎ ቀረ። የሚገርመው ደግሞ በሙዚየሙ ውስጥ እንደሷ ወሬ የሚወድ ሰው አልነበረም። አንባቢ ከሌለ አፏ አይከደንም፤ ሰው ከጠፋ ከመጻሕፍቱም ጋር ቢሆን ታወራለች።

ክፍሉ የጥንት የጦር መሣሪያ መጻሕፍት ክፍል ነው። ከሦስት ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉ፤ ሁሉም ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ የሰው ልጅ ባልንጀራውን በምን በምን እንደወጋና እንዳይወጋ ደግሞ ምን ምን እንደለበሰ። ጎራዴ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ የራስ ቁር፣ ጥሩር የሚሉት ከባድ የብረት ልብስ፣ በአፉ ባሩድ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ፣ ምን የሌለ አለ። ክፍሉን ያቋቋሙት ሰውዬ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። የሚያጠቃው ሁሉ በቀኝ፣ የሚከላከለው ሁሉ በግራ ይደርደር ብለው ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የጎራዴ መጽሐፍ በቀኝ፣ የጋሻ መጽሐፍ በግራ ነው። የፊልም ልብስ የሚሰፉ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ፣ አንጥረኞች፣ አንዳንዴም ከቤቱ ግርግር የሸሸ ጡረተኛ ይመጣሉ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ አንዱ ግን እኩያ የለውም። «የጋሻ ሠሪው ደብተር» ይሉታል። ከብዙ ዘመን በፊት የኖረ ጋሻ ሠሪ ዕድሜ ልኩን የሠራውን ጋሻ በገዛ እጁ እየሣለ፣ ቆዳው ስንት ቀን እንደተነከረ፣ የቱ ጦር እንደበሳውና የቱ እንዳልበሳው እየጻፈ የሞላው መቶ አሥራ ሁለት ቅጠል ነው። የጠረዘውም ራሱ ነው፤ ወረቀት ጠራዥ ስላልነበረ በሚያውቀው በቆዳና በናስ ጠረዘው። ግልባጭ የለውም። ፎቶ ይነሳ በተባለ ቁጥር «በሚመጣው ዓመት» እየተባለ፣ የሚመጣው ዓመትም እየመጣና እየሄደ ቀረ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት የዓመቱ ቆጠራ ተጀመረ። እትዬ ፀጥታ በግራ በኩል መሰላል ላይ ወጥታ የደብተሩን ግራጫ ካርቶን አወረደችና ክዳኑን አነሳች። ባዶ ነው። ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ያው ባዶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ክፍሉ ቀለም ሊቀባ ነው ተባለ። የደብተሩ አሮጌ ካርቶን እርጥበት ስለገባው አዲስ እንዲሠራለት ታዘዘ። ቀቢዎቹ ሊገቡ ሲሉ በዋዜማው እትዬ ፀጥታን ትኩሳት ጣላትና አምስት ቀን አልጋ ላይ ዋለች። ስትመለስ አዲሱ ካርቶን ቦታው ላይ ጉብ ብሎ አገኘችው። ደስ አላት። ሁሉን ነገር ከፍታ ካላየች የማታርፈው ሴትዮ፣ ያን ቀን ምን እንደጋረዳት እንጃ፣ አልከፈተችውም። ከዚያ ከቀለሙ ኋላ ወለሉ፣ ከወለሉ ኋላ መብራቱ እየተባለ ክፍሉ ለአንባቢ ተዘግቶ ሦስት ወር ከረመ።

የውሰት መዝገቡን ገለጠች። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንባቢው መጽሐፍ ሲቀበል ይፈርማል፣ ሲመልስ እሷ ትፈርማለች። ደብተሩን መጨረሻ የተቀበለው ሰው ፊርማ በመዶሻ የተመታ ይመስል ወረቀቱን ቦርቡሮ ተቀምጧል። ጋሼ ሰገባ። ቀኑ ትኩሳቱ የጣላት ያው ዋዜማ ነው፤ አጠገቡ ያለው የመመለሻ ቦታ ባዶ ነው።

ጋሼ ሰገባ የሰባ አንድ ዓመት አንጥረኛ ናቸው። ያረጀ ጎራዴ ይጠግናሉ፣ ሰገባ ይሠራሉ፤ ሰገባ መሥራት ልማድ ሆኖባቸው ለመነጽራቸውም፣ ለእስክሪብቷቸውም፣ ለጥርስ መጎርጎሪያቸው እንኳ ሰገባ አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያነባሉ። ከማንበባቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። የእትዬ ፀጥታ አባት የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ከአጠገቧ ያልተነሱ ሰው ናቸው። «ልጄ» ነው የሚሏት።

ቀኑን ሙሉ ፈለገች። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገለባበጠች፤ ከመደርደሪያ ሥር በሆዷ ተኝታ አየች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። ማምሻው ላይ አማራጭ አጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ወረደች።

ዳይሬክተሩ ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ልጅ እግር፣ ንግግሩ እንደ ሸሚዙ የተተኮሰ። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«መዝገቡማ... ጋሼ ሰገባ ወስደው አልመለሱም ነው የሚለው። ግን እሳቸው እንደዚያ ያለ ሰው አይደሉም።»

«እትዬ፣ እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም፤ የማውቀው መዝገቡን ነው። እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ደብተሩ ካልተገኘ ለፖሊስ እጽፋለሁ። ደብዳቤው ላይ የአንድ ሰው ስም መኖሩ ግድ ነው። የሳቸው ካልሆነ የእርስዎ ነው።»

እትዬ ፀጥታ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ቤት ስትገባ ታናሽ እህቷ ገና የሆስፒታል ነጭ ልብሷን አላወለቀችም። ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ታናሽየዋ ነርስ ናት፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ነገረቻት።

«እና አንቺ ምን ታስቢያለሽ? ወስደውታል?»

«አላውቅም» አለች እትዬ ፀጥታ። ውሸቷን ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መሰላሉ ላይ ቆማ፣ «እሳቸው ይሆኑ እንዴ?» የሚል ነገር ሽው ብሎባት ነበር። ሽው ብሎ ቢያልፍ ምን ነበረበት! እሱ ግን ገብቶ ቁጭ አለ። ደብተሩን እንደሳቸው የሚወድ የለም፤ ሰው ደግሞ የሚወደውን ነው የሚሰርቀው።

«ስሚ እህቴ» አለች ነርሷ ጫማዋን እያወለቀች፣ «አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ። ደብዳቤ ላይ ስማቸው ከመስፈሩ በፊት ሄደሽ ዓይናቸውን እያየሽ ጠይቂያቸው። እንደዚያ ካላደረግሽ ነውር ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። የጋሼ ሰገባ መሥሪያ ቤት ከአንድ ጎማ ጠጋኝና ከአንድ ልብስ ሰፊ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ምድጃው ገና አልጋለም፤ ሽማግሌው የአንድ ጎራዴ እጀታ ላይ ሽቦ እየጠመጠሙ ነበር።

«ውይ ልጄ! ምን እግር ጣለሽ? ተከፈተ እንዴ ክፍሉ?»

«አልተከፈተም ጋሼ። የጋሻ ሠሪው ደብተር ጠፋ።»

ሽቦው ከእጃቸው ወደቀ። «ጠፋ ማለት?»

«ካርቶኑ ባዶ ነው። መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ መልሰዋል የሚል የለም።»

ጋሼ ሰገባ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ገጠሙት።

«ያን ቀን ታመሽ ነበር አይደል?»

«ያን ማታ ነው የጣለኝ። ስለዚያ ቀን የማስታውሰው የለም።»

«ምንም?»

«ምንም፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው።»

«ካልተገኘ አንቺን ምን ያደርጉሻል?»

«ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ለፖሊስ ይጻፋል። ወይ የእርስዎ ስም ነው ወይ የእኔ። የእኔ ከሆነ ሥራዬም ስሜም አለቀ፤ ምናልባት እታሰራለሁም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉት፤ ሰገባው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ዓይናቸውን ምድጃው ላይ ተክለው፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። በኮቴ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ከምድጃው ዳር አስቀምጬው ፍንጣሪ ገባበትና ተቃጠለ። የለም በቃ፤ አትፈልጊው።»

እትዬ ፀጥታ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደሟ ፈላ። ያ ሁሉ መቶ አሥራ ሁለት ቅጠል አመድ ሆኖ ታያት። ያ ሁሉ ሐሙስ፣ ያ ሁሉ እጅ መታጠብ፣ ያ የአባቷ ለቅሶ ሳይቀር ማታለያ መሰላት።

«እንዲህ ያደርጉኛል? እኔን? እርስዎ ሌባ ነዎት ማለት ነው?»

«ነኝ» አሉ ጋሼ ሰገባ ቀና ሳይሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉን ልትመልሰው አልቻለችም፤ እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ልትመልሰውም አልፈለገች። በሩን ወርውራ ወጣች። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነች፤ እፎይ አለች። ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ወረደላት። ጥፋቱ የሷ አልነበረም! ስሟ ደብዳቤው ላይ አይገባም! እያለቀሰች እፎይ አለች። በኋላ ያን እፎይታዋን ባሰበችው ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ረቡዕ ጋሼ ሰገባ ራሳቸው መጡ። ማንም ሳይጠራቸው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ዳይሬክተሩ ፊት ቆመው የተናገሩትን ደገሙት፤ ጸሐፊዋ ጻፈችው፤ ያቺን የመዶሻ ፊርማቸውን አሳረፉበት። ዳይሬክተሩ «ነገ አራት ሰዓት ይምጡና ጥበቃ ክፍል ይቆዩ፤ ፖሊስ ስድስት ሰዓት ይመጣል» አላቸው። «እሺ ልጄ» አሉት። እትዬ ፀጥታ በኮሪደሩ ስታልፋቸው ፊቷን አዞረች። እሳቸውም ሰላም አላሏትም፤ ባርኔጣቸውን ብቻ ትንሽ ነካ አደረጉ።

«እኔ አልገባኝም» አለች ነርሷ ያን ምሽት ራት እያቀረበች። «እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወረቀት የማይነካ ሰው ደብተሩን ምድጃ ዳር ያስቀምጠዋል?»

«ራሳቸው ፈረሙ እኮ!»

«ፊርማማ ምን አለበት? እኛ ዘንድ ሰው ሆዱን ሊቀደድ እየፈረመ ነው የሚገባው። ፈቅዶ መሰለሽ?»

«ተይኝ በናትሽ» አለች እትዬ ፀጥታ። ራቷን ሳትበላ ተነሳች።

ሐሙስ ጠዋት የቆጠራው ወረቀት ፊቷ ተዘርግቶ፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣ ሳለች በሩ ተንኳኳ። ቀና ስትል ጥሩር ነው። ጥሩር የምድር ቤቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ መጽሐፍ ሳይሆን ዋናዎቹን ጎራዴዎችና ጋሻዎች የሚጠብቅ። በበጋም በክረምትም ያንኑ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ስለሚለብስ ነው ጥሩር የተባለው። በግምጃ ቤትና በመጻሕፍት ክፍል መካከል ደግሞ የቆየ ንቀት አለ። የታች ሰዎች «መጽሐፍ ማለት ጎራዴ መያዝ ያቃተው ሰው ሥራ ነው» ይላሉ። ጥሩር ሁለተኛ ፎቅን አንባቢ ሆኖ ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕቃ ሊያወርድ ካልሆነ አይመጣም።

«እንዴት አደርሽ?» አለ በሩን ተደግፎ። ሊናገር የፈለገውን መናገር ያሳፈረው ይመስላል። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ዛሬ ጥሩ ቀን ካልሆነም...»

«ጥሩ ቀን አይደለም። ተናገር።»

«አንዲት ዕቃ አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ አሳበደችኝ። የደረት መከላከያ ብዬ መዝግቤያታለሁ፤ ግን አቻ አጣሁላት። እንዲህ ያለ ደረት መከላከያ የለበሰ ሠራዊት ካለ መጻሕፍትሽ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው።» ከካፖርቱ ኪስ የመመዝገቢያ ካርድ አውጥቶ ያነብ ጀመር። «ከወፍራም ቆዳ የተሠራ። አራት ማዕዘን። ፊቱ ላይ አራት የናስ ጉብታዎች። በሁለት ጠፍር የታሰረ። ውፍረቱ አራት ጣት።»

«አራት ጣት?»

«አራት ጣት! እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ይህን ለብሶ ማን ይተነፍሳል? ለዝሆን ካልሆነ!»

እትዬ ፀጥታ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሳች። «ጠፍሩን ፈተህ ውስጡን አላየህም?»

«እህ! አንቺ ደግሞ፤ ጠፍር ይፈታል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በግምጃ ቤት ሕግ የታሰረ አይፈታም። የጥንት ጠፍር ከፈቱት ተሰባብሮ እጅ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ አዲስ ገቢ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን የሚማረው እጁን መሰብሰብ ነው። የመጽሐፍ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል። የግምጃ ቤት ሰው ያገኘውን ሁሉ እንደታሰረ ይመዝናል፣ ይለካል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ያስቀምጣል። አንድን መጽሐፍ ሦስት ወር ሙሉ ደረት መከላከያ አድርጎ ማኖር የሚችል ሰው በዓለም ላይ ቢፈለግ ጥሩር ብቻ ነው።

«ከየት አገኘሃት?»

«ከዚሁ ነዋ! ቀለም ሊቀባ ሲል የመስታወት ሣጥንሽ ውስጥ ያሉትን የራስ ቁርና የክንድ መከላከያ አውርድ ተብዬ አልመጣሁም? ጠረጴዛው ላይ ከነሱ አጠገብ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አንቺ አልነበርሽም። የኛ ናት ብዬ ይዤያት ወረድኩ።»

ቀሪውን ማን ሰማው! እትዬ ፀጥታ፣ ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ሰው ካየች የምትቆጣው ሴትዮ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በደረጃው ቁልቁል ተወረወረች። ጥሩር ካፖርቱን እያንጓፈፈ ይከተላታል። «ቆይ! ምን ሆንሽ? ጓንት! ጓንት አድርጊ እንጂ!»

ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በሁለት የክንድ መከላከያዎች መካከል፣ ቁጥር ተንጠልጥሎበት፣ በሰላም ተኝቷል። ቆዳው ያው ቆዳ፣ ናሱ ያው ናስ። ጓንቱን እንደምንም አጠለቀችና ጠፍሩን ያዘች። ጥሩር «ኧረ በፈጠረሽ!» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጠፍሩ አልተሰበረም፤ እሷ ራሷ ከስምንት ዓመት በፊት ያስቀየረችው ነው። ገለጠችው። የመጀመሪያው ጋሻ ሥዕል፣ ከሥሩም ያ ጥቅጥቅ ያለ ጽሕፈት ብቅ አለ።

ጥሩር በጣቶቹ መካከል አሾልኮ አየ። «ጽሑፍ አለባት እንዴ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

እትዬ ፀጥታ ሳቀች። መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ፣ ደብተሩን ታቅፋ፣ እያለቀሰች ሳቀች። ተገኘ! አልተቃጠለም! ቅጠሉ አልጎደለ፣ ጠርዙ አልተላጠ። ጥሩር ምን እንዳደረገ ባይገባውም አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ ገባውና ራሱን ያዘ። «ሦስት ወር! ለጉብታዋ ዘይት ስቀባ የከረምኩት ለመጽሐፍ ነው?»

«እግዜር ይስጥህ ጥሩርዬ! እንኳን ቀባህ! እንኳን ጠበቅካት!»

ሳቋ ሳያልቅ ግን የነጩ ጨርቅ ነገር ትዝ አላት። ጨርቁ የሷ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው። ማንም ሌላ ሰው በዚያ ጨርቅ ምንም ሊጠቀልል አይችልም። እንግዲያው ያን ቀን ደብተሩን የጠቀለለችው እሷ ናት። የጠቀለለችው ከሆነ ደግሞ ተመልሶላት ነበር።

ጋሼ ሰገባ መልሰዋል። ምንም አልወሰዱም፤ ምንም አላቃጠሉም። ታዲያ ያላቃጠሉትን አቃጠልኩ ብለው የፈረሙት ለምንድን ነው? ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ማክሰኞ የከፈቱት አፍና የገጠሙት አፍ ዓይኗ ላይ መጣ። «መለስኩልሽ» ሊሉ ነበር። ቢሉ ኖሮ ደብዳቤው ላይ የምትሰፍረው እሷ ነበረች።

ደብተሩን እንደታቀፈች ተነሳች። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ።»

ዳይሬክተሩ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያየው ከመቀመጫው ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ። ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። የራሷን ጥፋት አልዘለለችም፤ ተቀብላ እንዳልፈረመች፣ ካርቶኑን ከፍታ እንዳላየች፣ ሁሉንም።

«ሰውየው ግን አቃጠልኩ ብለው ፈርመዋል» አለ ዳይሬክተሩ። «ጤነኛ ናቸው?»

«ከሁላችንም በላይ። እኔን ለማዳን ነው የዋሹት።»

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ከፋይሉ አወጣና ለአፍታ አየው። ከዚያ አራት ቦታ ቀደደው። ስልኩን አንስቶ ለፖሊስ ጣቢያው መምጣት እንደማያስፈልግ ተናገረ። ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። «እትዬ» አለ፣ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወረደልኝም። በመጣሁ በአምስት ወሬ በዓለም ላይ አንድ የሆነው መጽሐፍ የጠፋበት ዳይሬክተር ልባል! ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም።»

«ይጻፉ! ሁለት ይጻፉ!» አለችው። ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው እንዲህ ደስ ያለው ሠራተኛ ዳይሬክተሩ አይቶ አያውቅም።

ጥበቃ ክፍሉ በሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ጋሼ ሰገባ የእንጨት አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ አንድ ቦርሳ አለ፤ ሹራብና ፎጣ ከዚፑ ብቅ ብለዋል። ባርኔጣቸው ቦርሳው ላይ ነው። ስትገባ ቀና አሉ፤ ፖሊስ የመጣ መስሏቸው ሊነሱ ሞከሩ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችና አጠገባቸው ተቀምጣ ደብተሩን ጭኗ ላይ አደረገች።

አዩት። እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን አይተው ሰበሰቡት። አልታጠቡም ነበርና። «የት ተገኘ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ጥሩር ደረት መከላከያ ነው ብሎ ሦስት ወር ዘይት ሲቀባው ከርሞ።»

ሽማግሌው ሳቁ። አግዳሚው እስኪንቋቋ ሳቁ፤ ሳላቸው መጣና ጀርባቸውን መታችላቸው።

«በእጄ ነው ያስረከቡኝ፤ አይደል?» አለች።

«በእጅሽ። እጅሽ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር። ልጄ ሂጂና ተኚ ብዬሽ ነበር፤ አልሰማሽኝም።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ? ለምን አልጮኹብኝም?»

«አላስታውስም አልሽ። መለስኩልሽ ብል ደብዳቤው ላይ አንቺ ነበርሽ የምትገቢው። እኔ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ ልጄ። ጎራዴ ቢታሰር ጎራዴ ነው፤ አንቺ ግን ከዚያ ክፍል ብትወጪ ምን ትሆኛለሽ ብዬ ነው። እንደጠፋብሽ አልተጠራጠርኩም። ደብተሩ የሚገኝ አልመሰለኝም።»

«እኔ ሌባ አልኩዎት።»

«አልሽኝ።»

«ጋሼ...»

«አመመኝ። አልዋሽሽም፤ በጣም ነው ያመመኝ።» ባርኔጣቸውን አንስተው ጫፉን ያሽከረክሩት ጀመር። «ለባለቤቴ ሥራ አግኝቼ ሁለት ሳምንት ከከተማ እወጣለሁ ብያታለሁ። ሹራቡንም እሷ ናት የከተተችልኝ። አሁን ስመለስ ምን እላታለሁ?»

«እውነቱን ይንገሯት።»

«እውነቱን ከሰማችማ አንቺንም እኔንም አትምረንም።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ቦርሳቸውን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አነገተችው። ሲነሱ ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ፈርተው ነበር?» አለች።

«ፈርቼ ነበር ልጄ።»

«እስሩን?»

«እስሩንማ እንደ ሰው ሁሉ እለምደዋለሁ ብዬ ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሌባ መሆኔ እውነት መስሎሽ እንዳትቀሪ ነው የፈራሁት። እኔ ሞቼ፣ አንቺ አርጅተሽ፣ አንድ ቀን ስሜ ተነስቶ ፊትሽን ስታዞሪ ነው የታየኝ።»

እትዬ ፀጥታ ደብተሩን በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ አደራ ሰጠችና «ለጥሩር ስጠው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ» አለችው። ከዚያ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አብረው ወደ መንገዱ ወጡ። በጎማ ጠጋኙ አጠገብ አለፉ፣ በልብስ ሰፊው አጠገብ አለፉ፤ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እሷ እስከ ቤታቸው በር ድረስ እጃቸውን አልለቀቀችም፤ በሩ ተከፍቶ ባለቤታቸው «ምነው? ሥራው ቀረ እንዴ?» ሲሏቸውም አልለቀቀችም።